ያልጻፍኩት ጥናት

ሚያዝያ 14 ቀን 2001

ዛሬ የመብራት ፈረቃው የኛ ተራ ነበር። ስድስት የሥራ ማመልከቻ፣ ሁለት የቤት ኪራይ ውል፣ አንድ የሠርግ ጥሪ። ጥሪው ላይ በሙሽራው ስም ፋንታ የሚዜውን ጽፌ ተገኘሁ። ያየችው ሙሽሪት ራሷ ናት። «እሱም አይከፋም ነበር» ብላ ስቃ አስተካክዪው አለችኝ።

ስጽፍ አላነብም። ዓይኔ ያያል፣ ጣቴ ይመታል። ሀይረዲን የሚወድልኝ ይህንን ነው። «ቡዜ የሰው ወሬ አታነብም» እያለ ለደንበኛ ያወራል። ሱቁ የሱ ነው... ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። እኔ ከገባሁ ሰባት ዓመቴ።

ከሰዓት አንድ ጎልማሳ መጣ። ጋሽ የሺዋስ ይባላል፤ ከሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው የሚኖረው፣ ኮሌጅ ያስተምራል። ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዟል። ሠላሳ ስድስት ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ፣ በእንግሊዝኛ። የእጅ ጽሑፉስ! ሐኪም ይሻላል።

«ምንድን ነው?» አልኩት። ደንበኛ ጠይቄ አላውቅም፣ ዛሬ ምን ነካኝ?

«ጥናት ነው። ስለ አንድ መጽሔት። እንስሳት ከትውልድ ትውልድ እንዴት እየተለወጡ እንደሚሄዱ የሚያጠኑ ሰዎች የሚጽፉበት። እኔ በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ምን ስለ ምን እንደጻፉ፣ ማን ማንን እንደጠቀሰ ቆጠርኩ።»

«ቆጠርክ? በእጅ?»

«አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።» ደብተሩን ገለጠልኝ። ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት...

«መጥቀስ ማለት ምንድን ነው?»

«አንዱ ሲጽፍ የሌላውን ስም ያነሳል። እገሌ በዚህ ዓመት እንዲህ ብሏል ይላል። ስሙ ብዙ የተነሳ ትልቅ ሰው ነው።»

«ሐሜት ነው በለኛ።»

ትንሽ አሰበ። «ሐሜት ነው። ግን ገጽ ቁጥር አለው።» አልሳቀም።

ሚያዝያ 17

መብራት የለም። ገጽ ዘጠኝ ላይ አንድ ቃል አፍጥጬ ዋልኩ። ፍላይስ ነው ፋይልስ? ዝንቦች ወይስ ፋይሎች? ሁለቱም ያስኬዳል።

ሚያዝያ 20

ዝንቦች ናቸው። ጠየቅኩት።

መጽሔቱ ከሁሉ አብዝቶ የጻፈው ስለ ዝንብ ነው አሉ። ለምን? «ቶሎ ይወልዳል፣ ቦታ አይዝም፣ አይከራከርም።» መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ወፍ ነበር፣ ከዚያ ዝንብ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ሁሉም ወደ ጂን፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ወደሚወረሰው ነገር፣ ዞሯል። ሳሪስም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ የሞባይል ካርድ መሸጥ ሲጀምር ሰፈሩ በሙሉ ካርድ ሻጭ ሆነ።

ይህንን መጽሔት ለምን መረጥክ አልኩት። ትልቅ ምክንያት ጠብቄ ነበር... «ኮሌጃችን ውስጥ ሳይጎድል ያለው እሱ ብቻ ነው። አንድ ፈረንጅ ሲሄድ ትቶልን ነው። ማንም ገልጦት አያውቅም።»

ዘጠኝ ዓመት ሌክቸረር ሆኖ ቆይቷል። ይህ ከታተመለት ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል።

ግንቦት 2

መጨረሻ ላይ የጠቀሳቸው ጽሑፎች ዝርዝር አለ፣ በተራ ቁጥር። 47ን ባዶ ትቶታል። «ስሙ ቤት ደብተር ላይ ነው፣ ነገ አመጣልሻለሁ» አለኝ። ባዶ ሲሆን ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ይዘለውና የታቹን በሙሉ ያዛባብኛል። ስለዚህ የራሴን ስም ሞላሁበት። ብዙወርቅ ወልደሰንበት። ዓመት፦ 1999፣ ዘጠኝ ለጣቴ ስለምትቀርብ። ርዕስ፦ «ስለ ዝንቦችና ስለ ለውጣቸው»፣ ከሱው ወረቀት በለቃቀምኩት እንግሊዝኛ። ከገጽ 11 እስከ 19።

ነገ ይጠፋል።

ግንቦት 3

ጥናቱን የሚያትሙት ዛሬ ካልተላከላቸው አይቀበሉም አለ ጋሽ የሺዋስ። መብራት ሊሄድ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ፣ ሀይረዲን ከኋላ ቆሞ «ሄደ? ሄደ?» እያለ... ሄደ። እኛም ተነፈስን፣ መብራቱም ሄደ።

ግንቦት 11

ከቃሊቲ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ትዝ አለኝ። አርባ ሰባት! እሱም ስሙን አላመጣ፣ እኔም የራሴን አላጠፋሁ።

ሮጬ ሱቅ ገባሁ፣ ፋይሉን ከፈትኩ። አለሁ። ገጽ 11 እስከ 19።

ለሀይረዲን ነገርኩት።

«ስንት ሰው ያነበዋል?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። አንድ፣ ሁለት።»

«ሁለት ሰው ስለ ዝንብ ያነባል። ዝርዝሩን ማን ያያል? ተይው።»

ተውኩት? ተውኩት።

ነሐሴ 22

ተቀበሉት። ጋሽ የሺዋስ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የጻፈውን እያነበበ ተረጎመልኝ፦ «የዋቢዎቹ ዝርዝር የተሟላ ነው። በተለይ የአገር ውስጥ ተመራማሪ መካተቷ ያስመሰግናል።»

ብርቱካኑን ለሀይረዲን ገፋሁለት። ለምን እዚያው አልነገርኩትም? እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅማ።

ጥር 9 ቀን 2003

ዓመት አልፎት፣ ረስቼው ነበር። ዛሬ ጋሽ የሺዋስ እያለከለከ ገባ። «ተጠቀስኩ! ሁለት ሰዎች!» አትሞ ይዞታል። እሱ የራሱን ስም በጣቱ ያሳየኛል፣ የኔ ዓይን ግን ወደ ታች ሄደ። እኔም አለሁ። ሁለቱም ጋ።

ዝርዝሩን ገልብጠውታል ማለት ነው። ሳያዩ! እንደኔ።

ሰኔ 4

ሀይረዲን ከሰዓት ሲወጣ ጎግል ላይ የጋሽ የሺዋስንና የኔን ስም ጽፌ የጠቀሱንን ቆጠርኩ። ጋሽ የሺዋስ ሦስት። እኔ ዘጠኝ።

አንዱ 1999ን 1979 አድርጎታል፤ ሳልወለድ መጻፌ ነው። አንዱ ስሜን ትቶ የአባቴን ብቻ ይዟል፦ ወልደሰንበት። ማታ ራት ላይ ለአባባ ነገርኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ባቡር ላይ ፍሬን ሲይዝ የኖረ ሰው ነው።

«አባባ፣ ሕንድ ውስጥ አንድ ሰው ስለ ዝንብ የጻፍከውን አንብቤያለሁ ብሏል።»

«ምን አልኩ?»

«ይለወጣል ብለሃል።»

ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። «ልክ ነው» አለ።

ጥቅምት 24 ቀን 2004

እየባሰ ነው። ጋሽ የሺዋስ ዛሬ ቁጭ ብሎ አጫወተኝ። «ይህች ብዙወርቅ የምትባል ተመራማሪ ትገርመኛለች። ከኔ ይልቅ እሷን ነው የሚጠቅሱት፤ አሥራ አራት ደርሰዋል። ጽሑፏን ግን ቤቱንም ቤተ መጻሕፍቱንም አገላብጬ አጣሁት። አንብቤዋለሁ መቼም፣ ባላነበው አልጠቅሳትም ነበር... አይደል?»

እኔን ነው የሚጠይቀው። እሱ የሚያውቀኝ በቡዜ ነው። ብዙነሽም ብዙአየሁም ቡዜ ናት።

«ትገኛለች» አልኩት። ምን ማለቴ ነው?

ኅዳር 13

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው።

የኮሌጁ ጸሐፊ ወልዳ እረፍት ላይ ናት። ኮሚቴው አንድ ደብዳቤ ተጽፎ እንዲመጣ ጋሽ የሺዋስን ልኮታል። ለደረጃ እድገቱ ከኮሌጁ ውጭ የሆነ ገምጋሚ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴው ፈልጎ ፈልጎ በዘርፉ ብዙ የተጠቀሰ ኢትዮጵያዊ መረጠ።

«ጻፊ» አለኝና አነበበልኝ። «ለፕሮፌሰር ብዙወርቅ ወልደሰንበት። ባሉበት።»

ጻፍኩ። ጣቴ ልማዱ ነውና ጻፈ። ባሉበት... እዚሁ ነኛ። በርጩማ ላይ።

«የመምህር የሺዋስን ሥራ መርምረው ለደረጃው ብቁ መሆን አለመሆናቸውን እንዲገልጹልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

እዚህ ላይ እጄ ቆመ።

«ምነው?» አለኝ።

ተነስቼ ቦርሳዬን አመጣሁ። መታወቂያዬን አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። መነጽሩን አደረገ። አነበበ። ደብዳቤውን አየ፣ ደግሞ መታወቂያውን። ሀይረዲን ፎቶ ኮፒውን አጠፋ።

«ስም መመሳሰል ነው?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አይደለም ጋሼ። ባዶውን ቦታ ልሙላ ብዬ ነው። በማግስቱ ላጠፋው ነበር። መብራት ሊሄድ ሆነና... ዝንብ አጥንቼ አላውቅም።»

መነጽሩን አውልቆ መታወቂያውን መለሰልኝ። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር።

«የላክሁት እኔ ነኝ» አለ። «የገዛ ዝርዝሬን ሳላነብ። አራት ሺህ የሰው ጥቅስ ቆጥሬ የራሴን አርባ ሰባተኛ አላየሁም።» ከዚያ ቀና ብሎ፦ «እነዚያ ሌሎቹስ? አሥራ አራቱስ?»

«እነሱም አላነበቡኝም።»

ፌስታሉን ትቶ ወጣ።

ኅዳር 15

አልመጣም። ሀይረዲን «ማን ተናገሪ አለሽ? ጥሩ አድርገሽ ገምግመሽ ማሳለፍ ነበር» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሻይ አዘዘልኝ።

ኅዳር 20

ጋሽ የሺዋስ ነገራቸው አሉ። ራሱ ኮሚቴው ፊት ሄዶ። ሰብሳቢው «እድገቱ ካለፈልህ በኋላ ብታነሳው ምን ነበረበት?» ብሎት ነበር። እምቢ አለ። ጥናቱ ለታተመበት መጽሔትም ጻፈ፣ «ቁጥር 47 የለም» ብሎ። ማመልከቻውን አነሳ።

ዘጠኝ ዓመት የነበረው አሥራ ሁለት ሆኗል፣ አሁን ደግሞ ስንት ሊሆን ነው? በኔ ጣት። ዛሬ አንድ ማመልከቻ ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሦስቱንም መልሼ ሳነብ አየኋቸው።

ታኅሣሥ 8

መጣ! በር ላይ ሳየው ልደበቅ ነበር። ፌስታሉን ሊወስድ መስሎኝ አቀበልኩት። ተቀበለኝና ሌላ ወፍራም ወረቀት ከብብቱ አወጣ። አሥራ አራቱም ጽሑፎች ታትመው።

«ያን ቀን በትክክል ምን እንደጻፍሽ ማወቅ እፈልጋለሁ። ነጥቡን፣ ሰረዙን፣ ሁሉን።»

ፋይሉን ከፈትን። «ለውጥ» የሚለው የእንግሊዝኛው ቃል ላይ ሁለት ፊደል አገለባብጫለሁ። ከዓመቱ በኋላ ነጥብ ረስቻለሁ። ከዚያ አሥራ አራቱን አንድ በአንድ አየን። የተገለባበጠው ፊደል ያለበት ከኛ ገልብጧል። 1979 ያለው ከማን ገለበጠ? ከመጀመሪያው 1979 ባይ። አባባ ብቻውን ያለበት አራት ቦታ ነው፤ አንዱ ያ ሕንዳዊ ራሱ ነው፣ ሦስቱ ከሱ የገለበጡ ልጆቹ። አንዱ ደግሞ ፊደሌን አርሞልኛል። የሌለ ጽሑፍ አርሞ!

ሲጨልም ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተን ግንድና ቅርንጫፍ ሣልን። ከኛ የገለበጡት ሦስት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ከሦስቱ ተወለዱ።

ጋሽ የሺዋስ ሥዕሉን ብዙ አየው። «ያ የቆጠርኩት መጽሔት ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያወራው ስለዚህ ነው» አለ። «ሲገለበጥ ይሳሳታል፣ ስህተቱም ይወረሳል።»

«ዝንብም እንዲሁ ነው?»

«ዝንብም እንዲሁ ነው።» ዛሬ ሳቀ። ከዚያ ሥዕሉን አጥፎ «ይህንን እንጽፈዋለን» አለኝ። እንጽፈዋለን... ጽፈሽ ታመጪልኛለሽ አላለም።

ነሐሴ 3

ወጣ። ጽሑፋችን አምስት ገጽ ነው። የሺዋስ፣ ከዚያ እኔ። ቅርንጫፎቹን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ። ዋቢዎቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ ዘጠኙንም ጋሽ የሺዋስ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ካልተረዳሁት አላለፍንም። እኔም አላሳለፍኩትም።

ኮሚቴው እንደገና የቀረበለትን ማመልከቻ ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፎታል። ጋሽ የሺዋስ እንደ ድሮው አላዘነም። ሀይረዲን ጽሑፉን ፎቶ ኮፒ አድርጎ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። አንድ ሰው ቆሞ ሲያነብ አይቼ ደስ አለኝ፤ ለካ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ መስሎት ነው።

ጥቅምት 17 ቀን 2005፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ ከሰዓት እረፍት ከሀይረዲን ጠይቄ ካገኘሁ አምስተኛ ሳምንቴ። «ደንበኛ እያባረርሽ ደግሞ እረፍት?» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ተማሪዎች ጥናታቸውን ሲያመጡ «ይህንን አንብበኸዋል?» እላቸዋለሁ። ሁለቱ ሌላ ጽሕፈት ቤት ሄደዋል። አንዷ ግን ተመልሳ መጣች፤ «ስድስቱን ሰረዝኳቸው» አለችኝ።

ጋሽ የሺዋስ ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የመግቢያ ወረቀት አውጥቶልኛል። ያንን መጽሔት ነው የማነበው፣ የፈረንጁን ስጦታ። አንድ እጄ መዝገበ ቃላት ላይ። አምስት ቅዳሜ፣ አንድ ገጽ ተኩል። በአንድ ደቂቃ ስልሳ ቃል የምመታ ሰው! መጀመሪያ አፈርኩ፣ አሁን ግን አልቸኩልም።

ወንዱ ዝንብ ሴቷን ሲያይ አንድ ክንፉን ዘርግቶ ያርገበግበዋል። ድምፅ አለው፣ ለሰው ጆሮ ግን አይሰማም። ዘፈን ይሉታል። እሷ ቆማ ትሰማዋለች፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ትታው ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅኩ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ።

ለምንድን ነው ትታው የምትሄደው? ዘፈኑ አልጣማት ይሆን? ገና ልገልጥ ስል ሴትዮዋ ቁልፍ አንሿሹ። «ልጄ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።»

ገጹን በልቤ ያዝኩት። 214። አሁን እስከ ቅዳሜ እንዴት ነው የምቆየው?