የታችኛው ቦኖ ቁልፍ

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል ወንድምዓለም? ያ የወገብ ሕመምህስ ለቀቀህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ አማትህ እንዴት ናቸው? ደብዳቤህ ደርሶኝ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ጎረቤቶቻችን እስኪሰለቻቸው አነበብኩላቸው። እማዬ ያው ጉልበቷን እያማረረች፣ እኔን እየተቆጣች አለች። ምላሷ ጤነኛ ነው፤ አታስብ።

እኔ ግን ሰሞኑን አንጀቴ አርሯል። ሠፈራችን ተቅማጥና ትውከት ገባበት። ከክልል ጤና ቢሮ አንዲት የወረርሽኝ ባለሙያ መጣች። ሥራዋ መርፌ መውጋት አይደለም፤ ማን እንደታመመ፣ ምን እንደበላ፣ ከየት እንደጠጣ ቤት ለቤት እየጠየቀች የበሽታውን መነሻ ማግኘት ነው። እኔን መንገድ መሪ አደረገችኝ። ወሬኛነቴ ለቁም ነገር ዋለ ብዬ ፈነጠዝኩ!

የኛን ሰው ግን ታውቀው የለ? «የታመመ አለ?» ስትላቸው «ተመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን» ይሏታል። ሕመምን ደጃፍ ላይ ለእንግዳ መናገር ነውር ሆኖባቸው! እሷም አመስግና ታልፋለች። ከኋላዋ ደግሞ «የተቅማጥ ፖሊስ» እያሉ ይስቁባታል።

አክስታችን ቤት ስንደርስም ባለቤቷ በሩን ገርበብ አድርገው «ደህና ነን፣ ተመስገን» አሉ። ከመጋረጃው ኋላ ሲቃሰት ሰማሁ። ዘው ብዬ ብገልጠው አክስታችን ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች። «ጋሼ፣ ደህና ማለት ይኼ ነው?» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ታዲያ እንግዳ ቆሞ ምን ልበል?» አይሉኝም መሰለህ! ባለሙያዋ ወዲያው መኪና ጠርታ ጤና ጣቢያ አስገባቻት። ግሉኮስ ተሰቅሎላት ነፍሷ መለስ አለች።

ከዚያ ወዲያ መጋረጃ መግለጥ ሥራዬ ሆነ። የታመሙት ሁሉ ከታችኛው ቦኖ ውሃ የሚቀዱ ሆነው ተገኙ፤ ለካ ቧንቧው ተሰንጥቆ የመጸዳጃ ፍሳሽ ይገባበት ኖሯል። ባለሙያዋ ቦኖውን አስቆልፋ፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጥታ፣ በሽታ ተነሳ ወደተባለበት ሌላ ቀበሌ ሄደች። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ቧንቧ ጠጋኝ «ነገ» ይለኛል፤ ነገ ስሄድ ሌላ ነገ አለው። ሠፈርተኛው ደግሞ «እሷ ሳትመጣ በሽታ አልነበረም» እያለ እኔ ላይ ያጉረመርማል። የላይኛው ቦኖ ዳገት ላይ ነዋ!

ዛሬ ጠዋት ጀሪካን ይዞ ደጄ የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አክስታችን! እግሯ ገና ይንቀጠቀጣል። «ቁልፉን ስጪኝ፤ ለመድኃኒት መዋጫ ብቻ ነው» አለችኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ቀዳሁላት። «አዝዬ ያሳደግኩሽ ልጅ የውሃ ዘበኛ ሆንሽብኝ?» ብላ ውሃውን ይዛ፣ ሳትሰናበተኝ ሄደች። እባክህ ደውልና ምከራት፤ አንተን ትሰማለች። እኔ እንደሆንኩ ቁልፉን አልሰጥም። ከማለቅስላት እያኮረፈችኝ ብትኖር ይሻለኛል።

ባለቤትህን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። ለአማትህ አክብሮቴን አድርስ። እማዬ «ድምፁን ያሰማኝ» ብላለች።

የምትወድህ እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ሰኔ ፲፬ ቀን