ነብሩ ዥንጉርጉርነቱን የለወጠበት ግቢ

ለትራፊክ አደጋና ተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይንዎ ደኅና ነው? የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች፣ የግቢው ጥበቃ፣ ስሙን ሊነግሩኝ ያልፈለጉት ያ እጀ ወርቅ ቀለም ቀቢያችሁስ እንደምን ሰነበቱ? እኔ አንድ ልጇን የቀበረች እናት ደኅና ነች የሚባለውን ያህል ደኅና ነኝ፤ እህል እቀምሳለሁ፣ ሰው ሲጠራኝም አቤት እላለሁ።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። አንዱን ዓረፍተ ነገር ጽፌ የሚቀጥለው እስኪመጣልኝ ድረስ ድስት ጥጄ አወጣለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬ የዘገየው ከውለታ ቢስነት ሳይሆን ከእጄ መንቀርፈፍ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ደብዳቤውን በእጅዎ ልሰጥ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ ሌላ ቀን ብመለስም ያው ስብሰባ አላለቀም ነበር። ይህን ያህል የሚደክም ሰው በር ላይ ቆሜ እንዳላስቸግር ብዬ በጋዜጣ አወጣሁት።

ልጄን ምናልባት በመኪናው ያስታውሱት ይሆናል። መነጽር ሠሪ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ዓይን እየለካ መስታወት ሲሞርድ ይሰነብትና እሁድ እሁድ ግቢያችን ውስጥ አሮጌ አረንጓዴ መኪናውን ሲያስተካክል ይውል ነበር። ሞተሩንና ፍሬኑን አይነካም፤ ለዚያ ባለሙያ ነበረው። እሱ የሚወደው ውጪውን ነው፤ የጎደጎደ በር መቀጥቀጥ፣ ስቱኮ መለቅለቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ቀለም መንፋት። ጎረቤታችን ሶፋ ሠሪውም አብሮት ይሠራ ነበር። ሁለቱም ሙያውን የተማሩት ከስልክ ላይ ነው፤ ትምህርቱም እንደ ኔትወርኩ መሀል መሀል ላይ ይቆራረጥ ነበር። የገዛው አረንጓዴ ሲያልቅበት ሱቁ ውስጥ ያለውን ሌላ አረንጓዴ ይገዛል፤ እሱም ሲያልቅ ሌላ። በመጨረሻ መኪናው በዓለም ያለ አረንጓዴ ሁሉ የሚገኝበት ሆነና ሰፈሩ “ነብሩ” ብሎ ስም አወጣለት። አመሻሽ ላይ በመንደሩ ሲገባ “ነብሩ መጣ፣ ፍየል ያላችሁ አስገቡ!” ይሉታል። እሱም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያገሳላቸው ነበር።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የእኔ ሆድ አንድ ብቻ ስለወለደ ዥንጉርጉርነቱ የት ገባ እያልኩ ኖሬ፣ በስተርጅና መኪናው ላይ አገኘሁት።

አሁን ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። አንዳንዱ ቅሬታ ቢመስልዎ የችሎታዬ ማነስ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ልጄ ከሥራ ሲመለስ ዳገቱ መታጠፊያ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ የገባው ዓርብ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ለቀብር የተከራየነው ወንበር ገና ከግቢ ሳይነሳ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔ ደረሰኝ። “ተሽከርካሪው በባለቤቱ ያለ ሙያ በተደረገ የውጭ አካል ጥገና ምክንያት ከመንገድ ወጥቷል፤ የሌላ ተሽከርካሪ ንክኪ ምልክት አልተገኘበትም” ይላል። ልጄ ራሱን ገደለ፣ ያውም በስቱኮ፣ ማለታችሁ ነው። በር ላይ የተለቀለቀ ስቱኮ መሪ ይዞ መኪና ቦይ ውስጥ እንደሚከት አላውቅም ነበርና ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለእናንተ አይሆንም፤ እናንተ ሰው ሳይደርስ የፈሰሰውንም ጠርጋችሁ ትቆያላችሁ።

ሁለተኛ፤ ልጄን ለሕዝብ ማስተማሪያ ስላደረጋችሁት አመሰግናለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ አጥር ላይ የመኪናውን ፎቶግራፍ አስፍታችሁ ሰቅላችሁ፣ ከሥሩ “የራስዎን መኪና ራስዎ አይጠግኑ! መጨረሻው ይህ ነው!” ብላችሁ ጽፋችኋል። ሶፋ ሠሪው ፊት ለፊቱ ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “እትዬ፣ ይሄ የኛ ሥራ ነው? ይሄን የሚያክል ሥራ ሠርተን ብናውቅማ ሶፋውን ትቼ ጋራዥ እከፍት ነበር” አለኝ። አጠገባችን የነበረ አንድ መንገደኛም የኋላ በሩን ማማር አይቶ “ይህን ራሱ ከሠራውማ እኔም ልሞክር” ሲል ሰማሁት። ማስታወቂያችሁ ያሰባችሁትን እያስተማረ ስላልመሰለኝ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ሦስተኛ፤ ይህ ረዘም ያለ ስለሆነ ውኃ ቢጤ ጎንጨት አድርገው ያንብቡት። ቤታችን ከመታጠፊያው ብዙ አይርቅም። ያን ቀን ጠርተውኝ ስደርስ ልጄን ወስደውት መኪናው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በቀኙ ቦዩ ውስጥ ተጋድሞ፣ በግራው ወደ መንገዱ ቀና ብሎ። ውስጡን ለማየት ጎንበስ ብዬ በግራ በኩል ያለውን የኋላ በር ተደገፍኩ። ያ በር ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ነበር። ክርኔ ከነሹራቤ እጅጌ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ይህን የማስታውሰው ምስክር ልሁን ብዬ አይደለም። ክርኔ ነው የሚያስታውሰው።

የልጄን ዕቃ ልውሰድ ብዬ ግቢያችሁ ስመጣ ጥበቃው “እናቴ፣ በሩቁ ይበቃዎታል፤ ቀርበው ምን ያደርግልዎታል?” አለኝ። በሩቁ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ወር ባልተሸከምኩት ነበር። ቀረብኩ። ከመኪናው ሌላ ጎን አንዳች የተነካ ነገር የለም፤ ቦዩ የጨረገደው ቀኙ እንደተጨረገደ ነው፣ የተሰበረው መስታወት እንደተሰበረ ነው። የግራው የኋላ በር ግን እንደ ተላጠ እንቁላል ልሙጥ ሆኗል።

ክቡር ሆይ፣ ያንን በር እኔ አውቀዋለሁ። ልጄ ከሁሉ ብዙ እሁዶች የፈጀበት እሱ ነው። ፈግፍጎ ፈግፍጎ አልስተካከል ስላለው ሶፋ ሠሪው “ይሄ በር ሳይሆን ባሕር ነው፤ ሞገዱን እየው!” ብሎ ሲስቅበት “ታዲያ ዋና የማትችል ከሆነ አትሳፈራ!” ይለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን “ባሕሩ” እንለው ነበር፤ “ባሕሩ አልተዘጋም፣ ድገመው” እንባባል ነበር። አሁን ሞገዱ የለም። ሦስት ዓይነት የነበረው አረንጓዴም አንድ ሆኖ ተስማምቷል። ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ በእናንተ ግቢ ግን ለወጠ። እናት ስለ ልጇ እንዲህ ስትናገር አፏን ይመርራታል፤ ሆኖም እውነቱን መናገር አለብኝ። ልጄ ይህን ያህል አይችልም ነበር።

ስለዚህ የሞተ ልጄን መኪና፣ ያውም ሳልለምናችሁ፣ ያውም ያንን አንድ በር ብቻ መርጣችሁ ስላሳመራችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆዴን የሚበላኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የሚነዳው ለሌለ መኪና በር የሚያስጨንቀው ማንን ነው?

አራተኛ፤ ምክትልዎ ስለሰጡኝ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ያየሁትን ስነግራቸው ወንበር አስቀርበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እናቴ፣ ሐዘን ዓይን ይጋርዳል። ምናልባት ዝናብ አጥቦት ነው የጠራብዎት” አሉኝ። እኔ የማውቀው ዝናብ ያቆሽሻል ወይም ያጥባል። ጎድጓዳ የሚሞላ፣ ስቱኮ የሚለቀልቅ፣ ቀለም አመሳስሎ የሚነፋ፣ ከዚያም አጠገቡ ያለውን በር ሳይነካ የሚሄድ ዝናብ የሚዘንበው በእናንተ ግቢ ብቻ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ዝናብ ካለ ለሰፈራችንም ትንሽ ቢልኩልን፤ ያ ሁሉ ስቱኮ ለቅላቂ ወጣት ከእሁድ ድካሙ ያርፍ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ነጩ ፒክአፓችሁ። ወደ ገበያ ስሄድ ዘወትር በራችሁ ላይ ቆሞ ስለማየው እንደ ጎረቤት እቆጥረዋለሁ። ከዚያ ዓርብ በኋላ ጠፋ። ታሞ ይሆን ብዬ ሳስብ ሰነበትኩ። አሁን ግን ተመልሶ ቦታው ላይ ስላየሁት እንኳን ማረው እላለሁ።

ልጄ የነፋው ቀለም ሲደርቅለት እኔን ይጠራ ነበር። “እማዬ፣ ፊት ለፊት አትይው። ቁጭ በይና በጎን እይው። ቀለም በቀትር ይዋሻል፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይናዘዛል” ይለኝ ነበር። እሱ ሁልጊዜ የሚናዘዘውን ቀለም አይቶ ይስቃል፣ በሚቀጥለው እሁድም እንደገና ይጀምራል። እኔም ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከፒክአፑ አጠገብ ቁጭ አልኩና በጎን አየሁት። በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ከሌላው አካሉ ይልቅ የነጣ ነጭ ነው፤ ከአሮጌ ጥርሶቹ መሀል አንድ አዲስ ያስተከለ ሰው ይመስላል። ጥበቃው ሮጦ መጣና “እናቴ፣ ምን ወደቀብዎት?” አለኝ። “ልጅ” አልኩት። ከዚያ በኋላ አላባረረኝም፤ እሱም አጠገቤ ቆሞ ዝም አለ። ስለ ዝምታው እንዳይቀጡት አደራ፤ ከግቢያችሁ ሰው እውነት የነገረኝ እሱ ብቻ ነው፣ ያውም አፉን ሳይከፍት።

በግራ በኩል ሊቀድም የሚሞክር መኪና ሌላውን የሚነካው በቀኝ ፊቱ መሆኑን ሶፋ ሠሪው በሁለት ጫማ አድርጎ ወለሉ ላይ አሳይቶኛል። ሆኖም እኔ የእናንተን ፓራፋንጎና የልጄን በር አላገናኘሁም። እዚህ ላይ ሲደርሱ ተገናኝተው ከታዩዎት ያገናኙዋቸው እርስዎ ነዎት።

ጥርጣሬ ኃጢአት ነው እያሉ የሚመክሩኝ ዘመዶች አሉኝ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጥርጣሬ ቤት ከገባ ሌባ እንደገባ ነው፤ እንቅልፌንም ወስዷል። ግን ምን ላድርግ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሞኟ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ ይኸው ሁለታችንም የያዝነውን ይዘን ተፋጠናል።

ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምለምነው ይህን ነው። በእናንተ ግቢ የማይሠራ አንድ ባለሙያ ይምጣና፣ እኔም እርስዎም ቆመን እያየን፣ የባሕሩን ቀለም ይፋቅልን። ከሥሩ ጉድጓድ ካልተገኘ በዚሁ ጋዜጣ ስሜን ጽፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከተገኘ ደግሞ ልጄ ራሱን ገደለ የሚለውን ቃል ሰርዛችሁ የገፋውን ትፈልጉታላችሁ። ሩቅ አትሄዱም።

ሌላው ልመናዬ ትንሽ ነው። በቀኝ በኩል ያለው የፊት በር፣ እኔ የምቀመጥበት፣ ከመያዣው ሥር የጣት ምልክት አለበት። ልጄ ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ልይ ብሎ አውራ ጣቱን ሲጫነው አልደረቀም ነበርና እዚያው ቀረ። በሚቀጥለው እሁድ ላጠፋው ነው ብሎኝ ነበር። ቦዩ በሩን ቢጨረግደውም እሱን አልነካውም፤ ግቢያችሁ ስመጣ ጣቴን አስገብቼ አይቼዋለሁ። ያ እጀ ወርቅ ቀለም ቀቢያችሁ በጎ ሰው ነውና የጀመረውን ልጨርስ ብሎ ይነሳ ይሆናል። እባክዎ ይከልክሉልኝ። ያንን በር አታሳምሩብኝ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለፒክአፓችሁ ሙሉ ጤንነት፣ ለእርስዎም ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነገሮችን በጎን የሚያይ ዓይን እየተመኘሁ፣ መሬት እስክስም ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
የነብሩ ባለቤት እናት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያን ቀን በሩን ስደገፍ የለበስኩት ሹራብ ጥቁር ነው። በክርኑ ላይ ነጭ ቀለም ተፈግፍጎበታል። ልጄ በሕይወቱ በነጭ ቀለም ሠርቶ አያውቅም። ሰፈሩ የሚያውቀኝ በልብስ አጣቢነቴ ነው፤ ይህንን ግን አላጠብኩትም። ለምርመራ አምጪው ብትሉኝ አላመጣውም፣ እንዳትቀየሙኝ፤ እናንተ ግቢ የገባ ነገር ሁሉ አምሮ ነው የሚገኘው።