የአራቱ ዲስኮች ነገር፦ ለሕንፃችን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ በፍቃዱ
ፒያሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ግፊትዎም፣ ስኳርዎም፣ እንቅልፍዎም ደህና እንዲሆንልዎ እመኛለሁ፤ በተለይ እንቅልፍዎ። የእኔ ካለፈው ጁምዓ ወዲህ ጠፍቷልና ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ብንተኛ ለሕንፃው ይበጃል።

ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «ያቺ መንዙማ የምትቀዳዋ» ስለሚሉኝ ስሜን ላያውቁት ይችላሉ፤ ካሚላ እባላለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። የፒያሳ ሰፈር ፈርሶ ሲነሳ በየአቅጣጫው የተበተኑትን የወሎ አባቶች እየፈለግሁ መንዙማቸውን እቀዳለሁ። ከእነሱ አንዱ ሼህ ሙደሲር ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ሳይታመሙ በፊት ሙሉ ክረምት እየተመላለሱ መንዙማቸውን አስቀድተውኛል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅ የላቸውም። ድምፃቸው የቀረው እኔ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በአራት ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ ነው፤ አራቱ እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ፣ አንዱ ቢወድቅ ሦስቱ የሚሸፍኑለት፣ ልክ እንደ ደህና እድር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. «ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ጀምበር» የሚለውን የማዘመን ዘመቻ በሕንፃችን ስላወጁ አመሰግናለሁ። የእኔ ተራ ከሰዓት በኋላ ነው ተብዬ ነበር፤ እርስዎ ግን ሥራ ላለማስፈታት አስበው፣ ሱቅ ዘግቼ ሶላት ላይ ሳለሁ ሰዎችዎን በመጠባበቂያ ቁልፍ አስገቡልኝ። ሲወጡም በሩን መልሰው ቆልፈዋል። ሌባ እንኳ ይህን ያህል አይጠነቀቅም።

፪. የተዘመነው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው፣ ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ሲታደስ ቅንብሩ ሁሉ ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ቅንብሩን ፎቶ አንስቶ፣ የዲስኮቹን ገመድ ነቅሎ ማቆየት ደግ ነው። ይህ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ለዘመቻው የጠሯቸው እንግዶችዎም ምሳው ሳይቀዘቅዝ ሪፖርቱን መስማት ነበረባቸው። ገመዱ አልተነቀለም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አራቱ ዲስኮች አንድ መሆናቸውን ረስቶ፣ ባዶ ናቸው ብሎ፣ «እንደ አዲስ ላዘጋጃቸው?» እያለ ይጠይቃል፤ ያለባቸውን ልደምስሰው ማለቱ ነው። ስክሪኑ ላይ የለጠፉት «ዘምኗል» የሚል ወረቀት ጥያቄውን ግማሽ በግማሽ ሸፍኖት ስለነበር ልጬዋለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

፫. አቤት ልል ስመጣ «ሁለተኛ ቅጂ ለምን አልያዝሽም?» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ቤት ያቃጠለ ሰው ባለቤቷን «ሌላ ቤት ለምን አልሠራሽም?» ሲል መስማት ትልቅ ትምህርት ነው።

፬. አራተኛውን በወጉ ልጽፈው አልቻልኩም። ጸሐፊዎ ፅናት፣ ሰዎችዎ ሰኞ ጠዋት መጥተው ዲስኮቹን «አዘጋጅተው» እንደሚጨርሱ፣ የሕንፃው ሪፖርት መቶ በመቶ መሙላት እንዳለበት ነገረችኝ። አቶ በፍቃዱ፣ ይህን በሽሙጥ አልጽፈውም። አራት ኪሎ ሰፈር ከተበላሸ ዲስክ የጠፋ መረጃ የምታወጣ ዊንታ የምትባል ባለሙያ መጥታ ኮምፒውተሩን አይታዋለች። ምንም ካልተጻፈባቸው ድምፁ እዚያው ነው፤ ቅደም ተከተላቸው ከተገኘ ተስፋ አለ ብላኛለች። አንድ ሰው «አዎ» የሚለውን ተጭኖ ከጻፈባቸው ግን እሷም ላትመልሰው ትችላለች።

ዲስኮቹን ወደ እሷ እንዳልወስድ ያለ እርስዎ ፊርማ ከዚህ ሕንፃ የቡና ስኒ እንኳ አይወጣም። የመውጫ ፈቃድ ስጠይቅ «ዘመቻው ሳይዘጋ የተመዘገበ ዕቃ አይወጣም» ተባልኩ። ስለዚህ ወንበር አውጥቼ በሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ሊፍቱ በቆመ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ፈርቻለሁ። አንድ ፊርማና ያችን መጠባበቂያ ቁልፍ ይስጡኝ፤ ሪፖርቱ ላይ የእኔን ክፍል «ኋላ ቀር» ብለው ይሙሉት፣ ከፈለጉም «እምቢተኛ» ብለው ይጨምሩበት፤ ሁለቱንም ፈርሜ እቀበላለሁ።

ለዘመናዊነት ያለዎትን ጥድፊያ በመደነቅ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ዘመቻዎ ግን እንዲያጥር እየተመኘሁ፣
ከሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር፣ ከወንበሬ ላይ፣
የሁልጊዜ ተከራይዎ
ካሚላ

ሳልረሳው፦ ያን ቀን ጠዋት ዘመቻውን ሲከፍቱ ያደረጉትን ንግግር በስልኬ ስለቀዳሁት አንድም ቃል አልጠፋም፤ አያስቡ። ትናንት ሼህ ሙደሲር መጥተው ድምፃቸውን እንዳሰማቸው በእጃቸው ሲጠይቁኝ፣ የማሰማው ሌላ ነገር ስለሌለኝ እሱን ከፈትኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉ። ድምፅ ስለሌላቸው ስለ እርስዎ ምን እንደለመኑ አልሰማሁም፤ እኔ ግን አሚን ብያለሁ።