ወታደር ንጉሥ አይገድልም

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጋሼ ሰርፀ። እንደምን ሰነበትክ? የደሴ ብርድ ጉልበትህን አላባሰብህም? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ታጋዮቹን ተቀላቅሎ በረሃ ከገባው ከልጄ ከአቢኤል ግን እስካሁን ወሬ የለም። ታጋዮቹ ከተማ ከገቡ ወዲህ በሩን እንዳየሁ ይመሻል። የተሰዉት ስም በይፋ እስኪነገር ድረስ ጓደኞቻቸው ለቤተሰብ እንዳይናገሩ ታዘዋል ይባላል።

እሑድ ሻሂ ቤቴ ውስጥ የተደረገ የቼዝ ጨዋታ ላጫውትህ። ግንቦት ላይ ትተኸው በሄድከው ሰሌዳ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ግርማይ ከአንድ ወጣት ታጋይ ጋር ገጠመ። ልጁን አላውቀውም። ሁለቱም ጎበዝ አይደሉም፤ እኔ እንኳ ቆሜ እያየሁ በለቀምኳት እውቀት ስህተታቸው ይታየኛል። ግርማይ ንግሥቲቱን ገና ከጅምሩ አስበላትና፣ ግድ የለም፣ ሚስቴም ጥላኝ ሄዳ ኖሬአለሁ ብሎ ሰው አሳቀ። ታጋዩ አልሳቀም። ፈረሱን ከማንሳቱ በፊት አቧራ እንደሚያራግፍ እፍ አለበት። አቢኤልም እንዲያ ያደርግ ነበር። ብዙ ሰው ያደርገዋል ብዬ ሻሂዬን ቀዳሁ።

በመጨረሻ የግርማይ ንጉሥ ጥግ ገብቶ መውጫ አጣ። ታጋዩ ወታደሩን አንድ ቤት ቢገፋ ጨዋታው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ግንቡን ወደ ኋላ መለሰ። ግርማይ አዝኖለት፣ ኣንታ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ ግፋውና ገላግለኝ እንጂ አለው። ልጁ ቀና ሳይል፣ ወታደር ንጉሥ አይገድልም፣ ክልክል ነው አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ የያዝኩትን ሻሂ አስቀመጥኩ።

ጋሼ፣ አቢኤል በልጅነቱ በወታደር ሊያሸንፍህ ሲል፣ ላለመሸነፍ እዚያው የፈጠርከው ሕግ ነው። እሱም እውነት መስሎት አደገ።

ማን አስተማረህ አልኩት። ጓደኛዬ፣ ምሽግ ውስጥ፣ በጠርሙስ ክዳን አለኝ። የጓደኛውን ስም ስጠይቀው ተነሥቶ ቆመ። በሕይወት ያለ ሰው ስም አይከለከልም አልኩ በልቤ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አደይ፣ እናቴ፣ ሻሂው ጥሩ ነው አለኝና ወጣ። ሻሂውን አልቀመሰውም ነበር።

ሰሌዳውን አላነሣሁትም። ግንቡን ለመመለስ ሌላ ምክንያት ይኖረው እንደሆነ ብዬ ጨዋታውን እየመለስኩ አየዋለሁ። አላገኘሁለትም። እባክህ አስብልኝ፤ በመሥሪያ ቤትህ ወይም በጎረቤት ያን ሕግ የነገርከው ሌላ ሰው የለም? አንድም ቢሆን ካለ ጻፍልኝ።

ላቀችን ጉንጯን ሳምልኝ። ከበደን በርታ በለው። ትንሿን ሃናን ቼዝ ካስተማርካት፣ በወታደርም ብትመጣብህ ተሸነፍላት።

እህትህ ትዝታ
አስመራ፣ ጥራቮሎ
ኅዳር 1984 ዓ.ም.