ግራዝማች የቀመሱት ውሃ

ግንቦት ፬፣ ጧት

ዛሬም በቅሎዎቹ ቀደሙ። ሚስቴ አትጠገብ እንስራዋን አዝላ ቆማለች። ግራጫዋ በቅሎ ከነኮቴዋ የምንጩ ዓይን ውስጥ ገብታ ትጠጣለች፤ ስትጠግብ እዚያው ትሸናለች። ከዚያ ሴቶቹ ከድፍርሱ ይቀዳሉ። የመንደራችን የወገዳ ልማድ ነው፤ ምንጩ የግራዝማች ተሰማ ርስት ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠጣው የጌታው በቅሎ ነው። የእሱ ቤት ውሃ ግን ጎህ ሲቀድ፣ በቅሎዎቹ ሳይወርዱ ይቀዳል።

ብርቄ በዚህ ውሃ ሞተች። አንዲት ልጃችን። ባለፈው ክረምት፣ ተቅማጥ። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መድኃኒት ሰጪው እኔ ነኝ፤ የሰው ልጅ አድናለሁ፣ የራሴን አልቻልኩም። ከቀብሯ በኋላ ሄጄ በቅሎዎቹ ከታች ይጠጡ ብዬ ለመንኩት። እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ አለኝና ወደ ጨዋታው ዞረ። ደብተሬ፣ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። አንተ ላይ ግን «እሱ» ነው።

ግንቦት ፮

ከአ.አ. ትእዛዝ መጣ! የጠ/ግዛቱ የመጠጥ ውሃ ደንብ ከሚኒስቴሩ ደንብ ጋር አንድ ይሁን ይላል። የእኛው ደንብ «እንስሳትን ከምንጭ ማራቅ መልካም ነው» ነበር የሚለው። ግ/ማች በዚህች «መልካም» ተጠልሎ ኖረ። አዲሱ ክልክል ነው ይላል። የምንጩ ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ይከደን፣ ሰው ከቧንቧ ይቅዳ፣ ከብት ከታች ከገንዳ ይጠጣ።

የወረዳው ገዥ ባለርስቶቹን ሰብስቦ ሊያስማማ ነው። ባይስማሙ ግን አያስገድዳቸውም፤ አውቀዋለሁ። እኔም ተጠርቻለሁ። ምሳ አልበላሁም፣ አልራበኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ግንቦት ፱፣ ጧት

ምንጭ ወርጄ በቅሎዎቹ እስኪጠጡ ጠበቅኩ። በኋላቸው አንድ ዋንጫ ቀዳሁ። ቢጫ ነው፤ ገለባ ይዋኝበታል። በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ስብሰባው ልሄድ ነው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ተሸነፍኩ።

ግ/ማች ተነሥቶ አያቶቹ የጠጡት ውሃ መሆኑን፣ የአ.አ. ሰው የወረዳችንን የስማዳን ምንጭ እንደማያውቅ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ዋንጫውን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ጠላ አሳላፊ እንኳ በመዳፉ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም አልኩት። ምንጩ የእርስዎ ነው፣ እንግዶቹ እኛ ነን፣ ይቅመሱልን።

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። በአገር ፊት ይዋረዳል ብዬ። ዋንጫውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እስከ አተላው ጨለጠው! ባዶውን ገልብጦ አሳየን። ወንድ ነው አሉ። ገዥው ነገሩን ለሌላ ቀን አሳደረው።

ለአትጠገብ ነገርኳት። እኔ የሱን ዋንጫ በየቀኑ በእንስራ ነው የምሸከመው አለችኝ። አፈርኩ። ተናደድኩ።

ግንቦት ፲፪

ግ/ማችን በቃሬዛ ክሊኒክ አመጡት። ዓይኑ ሰርጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ልክ እንደ ብርቄ። አሽከሮቹ በር ላይ ቆመው እጄን ያያሉ። መድኃኒት አልቋል የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ብቻ፣ ማን ይጠይቀኛል።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። አትጠገብ ሳላዛት እሳት አንድዳ ውሃ ጥዳለች። ለማን ነው አልኳት። «ለሱ ነዋ» አለች። «እሱ ቢሞት በቅሎዎቹ አይሞቱም።»

ክኒኑን አውጥቼ ገባሁ።

ግንቦት ፲፭

ዓይኑን ገለጠ። «ውሃ» አለ። የፈላውን በብርጭቆ ሰጠሁት። አልጠጣም። ብርጭቆውን መልሶ ወደ እኔ ዘረጋው።

«ቅመስልኝ» አለ።

ፈራኝ። ያ ዋንጫውን በፊቴ የጨለጠ ሰው የኔን ውሃ ፈራ። ደስ አለኝ፤ አንተን አልዋሽህም፣ አጥንቴ ድረስ ደስ አለኝ። አልቸኮልኩም። ቆይቼ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ከዚያ ጠጣ። እኔ ቀምሼልዎታለሁ፣ ለልጄ ግን ማንም አልቀመሰላትም አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ግንቦት ፳

ቤቱ ገባ፣ በእግሩ። ዛሬ ለገዥው መልእክት ልኳል፤ ምንጩ ይከደን ብሏል። ለእኔ ምንም አልላከም። ምስጋናውንም አልፈልግ፣ ይቅርታውንም። ብርቄን አይመልስም።

ሲሚንቶው ደብረ ታቦር ነው፤ ማጓጓዣ የለም። ገዥው የማንን አጋሰስ እንጫን ብሎ ጠየቀኝ። የግ/ማችን በቅሎዎች አልኩ። ግራጫዋ ከፊት ትሁን አልኩ። ነገ እኔው ራሴ እነዳታለሁ። ስትመለስ ውሃ ይጠማታል፤ ከታች ቆማ፣ አትጠገብ እስክትቀዳ ትጠብቃለች። እሱም በሕይወት አለ፣ ከደጁ ሆኖ ያያል።