ከቦዩ የወጣው አፈር

ለታላቅ ወንድሜ ለአያ አወቀ፣ ሳንጃ

ሰላምታዬ እስከ ቆላው ይውረድልህ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን።

የመካነ ብርሃኑ መንገድ የጎርፍ ቦይ ተቆፈረ። ጥልቀቱን፣ የሚወጣው አፈር የሚቆለልበትንም ወገን ጎንደር ተቀምጬ በኮምፒውተር የነደፍኩት እኔ ነኝ። ቀያሾቹ የመዘገቡት ቆርቆሮ ቤቶችን ብቻ ነበር። ስለዚህ የእናታችን ሣር ቤት ያለበት ቁልቁለት ስክሪኑ ላይ ባዶ ሜዳ ነው። ከቁጥር በቀር ስም አልነበረውምና የተወለድኩበትን ቦታ አላወቅሁትም። አፈሩን ከበላይዋ አስቆለልኩት።

እሑድ ሄጄ አየሁት። ቁልሉ ከጣሪያዋ ይበልጣል፤ አናቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። አለቃዬን ብለምነው፣ «ማሽኖቹ ወጥተዋል፤ ከመስከረም በኋላ ይታያል» አለኝ።

እናታችንን «ጎንደር እንሂድ» ብላት፣ «ምነው? ልጄ ሸጋ አድርጎ የሠራውን ጥዬ የት ልሂድ?» ብላ ሳቀችብኝ። ላለፈ ላገደመው ሁሉ ቁልሉን እያሳየች፣ «የሻው ነው በኮምፒውተር የሠራው» ትላለች። ያን ስሰማ እውነቱን ሳልነግራት ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

አያ፣ የሰሊጡ አረም ይቆይ። አንተ በኩሯ ነህ፣ እምቢ አትልህም። ናፈቅሽኝ ብለህ ውሰዳት።

ልጆችህን በየስማቸው ሳምልኝ። ይህን ስጽፍ በእናታችን አገር በጃናሞራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ታናሽህ የሻው