ድምፁን ዘግተን ያየነው ቴሌቪዥን

ይሁንዬ፣ የቤቴ ጌታ፣ እንዴት ከርመሃል?

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ዘንድሮም የደብረ ማርቆስ ዝናብ ለጉድ ነበር፤ ጓሮ የተከልከው ጌሾ አጥሩን አልፎ ለጎረቤት ተርፏል። እኛ ደህና ነን። ይህን የምልህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እውነትም ደህና ነን። ለሞተ ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል ትለኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ለአንተ ሳልናገር የዋልኩበት ነገር እንደማያድርልኝ ታውቃለህ።

እናትህ እማሆይ ለቀብርህ ከደብረ ኤልያስ እንደመጡ እዚሁ ቀርተዋል። ስመኝ በቁመት በልጣኛለች፤ ቀሚሴን ስትለብስ አሁን የሚያጥራት እሷን ነው። የአንተነህ ድምፅ መጎርነን ጀምሯል፤ ሲጠራኝ እየደነገጥኩ ዞር እላለሁ። ማስተዋል፣ ያቺ ወሬ የማታስጨርስህ ትንሿ እመቤትህ፣ በዚህ መስከረም አንደኛ ክፍል ገባች። ስለሷ ብዙ የምነግርህ አለ፤ ግን ከቴሌቪዥኑ ካልጀመርኩ አይገባህም።

ቴሌቪዥኑን መቼም አትረሳውም። ከባሕር ዳር እስከዚህ ድረስ አውቶብስ ጣራ ላይ አይጫንም ብለህ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ጭንህ ላይ አድርገህ ነው ያመጣኸው፤ ቤት ስትደርስ እግርህ ደንዝዞ መቆም አቅቶህ ነበር። በማግስቱ ከአንድ ደንበኛ መጋረጃ የተረፈውን ቀይ ከፋይ ቆርጠህ፣ ዙሪያውን ዘርፍ አድርገህ፣ ልክ የሆነ ልብስ ሰፋህለት። የልብስ ሰፊ ሚስት ሆኜ እኔ የዓመት በዓል ቀሚስ ስጠብቅ ቴሌቪዥኑ ቀድሞኝ ለበሰ። ያን ጊዜ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ማታ ማታ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መጥቶ ሰሌኑ ላይ ይኮለኮላል። ሰዓቱ ሲደርስ አንተ ከወንበርህ ብድግ ትልና ያንን ከፋይ እየመለስክ፣ በልጅነትህ ደብረ ወርቅ ቆሎ ተማሪ ሳለህ በተማርከው ዜማ፣ ዲያቆን ቅዳሴ ሲያሰናብት እንደሚለው «እትዉ በሰላም» ትላቸዋለህ። «ኧረ ገና ነው!» ብለው ይንጫጫሉ፤ ግን እየሳቁ ይወጣሉ። አልቅሶ የሄደ ልጅ ትዝ አይለኝም። እኔ ጮኼ የማላስዘጋውን አንተ በዜማ ትዘጋው ነበር።

አንተ ያረፍክ ዕለት ለቅሶ ደራሹ መጀመሪያ ያደረገው ያንን ቴሌቪዥን ከነልብሱ አንስቶ ጓዳ ማስገባት ነው። ወጉ ነው፤ ሐዘን ቤት ዘፈን አይሰማም። አርባህ ወጣ፤ እማሆይ ግን ዓመቱ ሳይሞላ አይከፈትም ብለው ቆረጡ። እኔም ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቴሌቪዥን በዓይኔም አልዞረም፤ በዓይኔ የዞረችው ማስተዋል ነበረች። ከቀብርህ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ቃል ማውጣት ትታ ነበር። ስትጠራ ትመጣለች፣ ስትታዘዝ ትሠራለች፤ አፏ ግን አይከፈትም። ጠበል ወሰድናት፤ ሐኪም ቤትም ወሰድኳት። ጊዜ ስጧት አሉን።

ልጆቹ ደግሞ ቀስ በቀስ ከቤት መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ቴሌቪዥን ወዳላት ጎረቤታችን የሺ ቤት ብቅ ይላሉ። ከዚያ እስከ እራት ይቆያሉ። ኋላማ እራቱንም እዚያው ቀምሰው ይመጡ ጀመር። ወሬው የሚወራው፣ ሳቁ የሚሳቀው እዚያ ነው፤ እኛ ቤት የሚመጡት ለመተኛት ነው። እኔና እማሆይ አመሻሹን እሳቱን እያየን እንቀመጣለን።

አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ልጠራቸው ሄድኩ። የየሺ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ሦስቱም ልጆችህ ደጃፉ ላይ፣ ከወለቁት ጫማዎች መሃል ተጣብቀው ተቀምጠው፣ በሰው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። የሺ ክፉ ሆና አይደለም፤ ቤቷ አልበቃት ብሎ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በሰሌናቸው ተቀምጦ ያየባቸው የይሁኔ ልጆች በሰው ደጃፍ፣ በጫማ መሃል! አንተን ሞት ወሰደህ፤ እነሱን ደግሞ ሐዘናችን ራሱ ከቤታቸው እየነቀላቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ታየኝ። ሳልጠራቸው ተመለስኩ።

ለእማሆይ ልከፍተው ነው ብዬ ነገርኳቸው። «የልጄ ዓመት ሳይወጣ በልጄ ቤት ዘፈን? መጀመሪያ እኔን ቅበሪኝና ክፈቺው» አሉ። እኔም አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ሐዘን የሚፈርሰው በጆሮ ነው። ሥዕል ማየትማ ቤተ መቅደስም አለ። ክፈቺላቸው፤ ድምፁ ግን እንዳይሰማኝ።» ይሁንዬ፣ ከቀብርህ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። እናትህን ታውቃቸው የለ፤ መውጫ አያጡም።

ቴሌቪዥኑ ከጓዳ ወጣ፤ ድምፁ ተዘጋ። የመጀመሪያው ቀን አንተነህ የተበላሸ መስሎት ጎኑን በጥፊ መታው። ነገሩን ስነግራቸው ተያዩ። ዜና አንባቢው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሴትዮዋ ታለቅሳለች፣ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ፤ ቤቱ ግን ጭጭ። ከየሺ ቤት የሚመልሳቸው አልመሰለኝም ነበር። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው አንተነህን አላስችል አለው። ዜና አንባቢውን እያየ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የደብረ ማርቆስ ተማሪዎች ሆይ፣ ነገ ትምህርት የለም፤ የሒሳብ አስተማሪያችሁ ጉንፋን ይዞታል» አለ። ስመኝ ከት ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ድራማ ሲመጣ እሷ ለሴቶቹ፣ እሱ ለወንዶቹ መናገር ያዙ።

እማሆይ መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት። ከዚያ በጎን ሆኑ። ከዚያ «አሁን ምን አለቻት?» ማለት መጣ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ክፉ አማት ስትመጣ «ለዚችስ እኔ ነኝ የምናገርላት» ብለው መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ በደብረ ኤልያስ አነጋገር ያችን ምራት አንድ ምሽት ሙሉ ልክ ልኳን ነገሯት። እኔን ይሁን ምራቲቱን እስካሁን አላወቅሁም። የሰፈሩ ልጅ ድምፅ ካለው ቤት እየተነሣ ድምፅ ወደሌለው ይጎርፍ ጀመር። «ዲዳው ቴሌቪዥን ቤት» የሚል ስም ወጣልን።

ከነዚያ ምሽቶች በአንዱ፣ ፊልሙ ላይ ረጅም ሰው ወደ ቤቱ ገባ። ኮቱን ሰቀለ፤ ጎንበስ ብሎ ትንሽ ልጅ አቀፈ። አንተነህ የሚለው እስኪመጣለት እያሰበ ነበር። ማስተዋል ከምድጃው አጠገብ ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን ሰብሰብ አድርጋ፣ ልክ አንተ ስፌት ላይ ሆነህ መርፌ በከንፈርህ ነክሰህ እንደምትናገረው፣ «የኔ እመቤት፣ እራት በላሽ ወይ?» አለች።

የእማሆይ መቁጠሪያ ቆመ። እኔ ዞር ብዬ ላያት ፈራሁ፤ ካየኋት የምትተወው መሰለኝ። ስመኝ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ በፊልሙ ላይ ባለችው ልጅ ፈንታ መለሰችላት። «አልበላሁም፤ አንተን እየጠበቅሁ ነው» አለች። ማስተዋልም በዚያው በአንተ ድምፅ «በይ ነይ እንብላ» አለች። በላን። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቃል እየጨመረች መጣች፤ ይኸው ዛሬ እንደ ድሮዋ ወሬ አታስጨርስም።

ዓመትህ ሲወጣ ከሌን አወለቅሁ። ታናሽ ወንድምህ አስማረ ልጆቹ ደስ ይበላቸው ብሎ ከባሕር ዳር ዲሽ ይዞ መጣና ጣራው ላይ ተከለልን፤ ድምፁም ተከፈተ። በአንተ ጊዜ ጣቢያው አንድ ነበር፤ ዲሹ ግን ማለቂያ የለውም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ደብተራቸውን ወርውረው ፊቱ ይደረደራሉ፤ ሰው ቢገባ ቢወጣ አያዩም። ማስተዋል እማሆይን ከዓረብኛው ጣቢያ በለቀመችው «ያላ፣ ያላ» ስታጣድፋቸው አማተቡ። ከዚህ ሁሉ ያስፈራኝ ግን መልሳ ዝም ማለቷ ነው። ያኔ እንደነበረው አይደለም፤ ሲጠሯት ትመልሳለች። ግን ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ዕቃው ብቻ ሆነ፤ የአንተም ድምፅ ከቤታችን ጠፋ።

ሪሞቱን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቅሁት፤ አንተነህ የዲሹን ሳጥን በእጁ እየነካ ይከፍተዋል። ተቆጣሁ፤ ለሰዓታት ብቻ ፈሩኝ። የአንተን «እትዉ በሰላም» ልሞክር ብዬ ጀመርኩና ዜማው ሲሰበርብኝ እኔው ቀድሜ ሳቅሁ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገርኳቸው። የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ እስከ እራት ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፤ ድምፅ ግን የለውም። ከእራት በኋላ ዜናው እስኪያልቅ በድምፅ፤ ከዚያ ከፋዩን ይለብሳል። ዳኛዋ እማሆይ ናቸው። አንተነህ ለአጎቱ ስልክ ደውሎ ከሰሰኝ፤ አስማረም «ዲሹን እኮ ያመጣሁት እንዲሰማ ነው» አለኝ። እንዲያው በየዋህነቱ ነው። አልተበገርኩም። ለጥቂት ቀን አኮረፉ፤ እያኮረፉ ግን አዩ። አንድ ቀን ከዓረቡ ፊልም አንድ ፂማም ሀብታም ሲጨቃጨቅ አንተነህ አልቻለም፤ ሰውዬውን ቁይ ገበያ ላይ በሬ አስከራከረው። «ጥርሱን እይልኝ እንጂ፣ ይሄ በሬ ነው ወይስ አያት?» ሲያሰኘው ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሕጉ ጸንቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለማስተዋል የዩኒፎርም ጨርቅ ገዝቼ፣ ገበያ ላለ አንድ ልብስ ሰፊ ልሰጥ አስቤ ነበር። ከእራት በፊት፣ በዝምታው ሰዓት፣ ረጅም ሰው ከመኪና ሲወርድ ታየ። ማስተዋል ከንፈሯን ሰብሰብ አደረገች። «ማስቴ፣ ዩኒፎርምሽን ሌላ ሰው እንዳይሰፋው። ከእኛው ቤት ነው የሚሰፋልሽ። ኪሱን ሰፋ አድርጌ፣ ቆሎ የሚይዝ» አለች። ይህን አንተ በሕይወትህ አላልከውም፤ ያኔ ትምህርት ቤት መግባቷ እንኳ አልታሰበም። ግን ድምፁ የአንተ ነው።

በማግስቱ ጓዳ የከረመችውን የስፌት መኪናህን አወጣሁ፤ ዘይት ቀባኋት። አንተ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ እንጂ መቁረጥ አላስተማርከኝም፤ ስትቆርጥ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሳይህ ኖሬያለሁ። ኮሌታው ወደ ግራ ትንሽ ዘመመ። እማሆይ አይተው «ይሁኔ ቢያይ ይፈታው ነበር» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ማስተዋል ለብሳው እጇን ኪሱ ውስጥ እስከ ክርኗ ልትከት ምንም አልቀራትም። የሺ ማን ሰፋልሽ ብላ ስትጠይቃት «አባዬ ቃል ገባልኝ፣ እማዬ ሰፋችው» አለቻት።

ይሁንዬ፣ አልረሳህም ብዬ ብጽፍልህ ማንም የሚለው ነው። እኔ ቃሌን የምሰጥህ እንዲህ ነው፤ በልጅህ አፍ የምትገባውን ቃል ሁሉ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ እፈጽምልሃለሁ። ብቻ ባለፈው እሑድ በማስተዋል አፍ ስለ ብስክሌት የሆነ ነገር ስትጀምር ሰምቼሃለሁ። ብስክሌቷን እንኳ ማረኝ።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ